ፊታችን ምን አጠፋ?

እሁድ ከቅዳሴ መልስ እግሬን ዘርግቼ፣ አቦሉን ልቀበል እጄን ስሰድ፣ «አባየ፣ አንዴ ብቻ!» ትለኛለች ትልቋ ልጄ። ይቺን «አንዴ ብቻ» የማያውቅ አባት ከተማችን ወረታ ውስጥ አለ ቢሉኝ አላምንም። አንዴ ብቻ ተብሎ የተጀመረው ፎቶ ሃያ ይደርሳል። በመሃል ስልኩ ሞላሁ ይላል፤ የእኔ የትምህርት ዕቅድ ይሰረዝና ቦታ ይለቀቃል። ቶናው ይቀዳል፣ ይቀዘቅዛል። በረካው ላይ ስንደርስ ልጅቱ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እያገላበጠች ታጠፋለች። «ፊቴ ሰፋ።» ጠፋ። «አፍንጫየን እየውማ!» ጠፋ። «ከሰል መሰልሁ።» ጠፋ። «እዚህ ላይ ደግሞ የጎረቤት ዶሮ ገብታለች።» ዶሮዋ ከሁላችንም በላይ አምሮባት ነበር፤ እሷም ጠፋች።

አንዷ ትተርፋለች። እሷም ለማታ አትደርስም።

ደከመኝ። የእኔ ቤት ጉድ ብቻ ቢሆን ዋጥ አድርጌ ዝም እል ነበር። ግን ያው ነው ሁሉም ቤት። ጎረቤቴ ለልጁ ጥምቀት አዲስ ልብስ ገዝቶ ቤት ውስጥ ያነሳው ፎቶ ላይ ልጁ አይታይም፤ የሚታየው ልብሱ ነው። ባለቤቴ አረብ አገር ላለች እህቷ በኢሞ የምትልከው ፎቶ «ታመሽ ነው እንዴ? ከሳሽ!» የሚል መልስ ይዞ ይመለሳል፤ እሷን ለማረጋጋት ሌላ የግማሽ ሰዓት የስልክ ወሬ ይከተላል። በየቤቱ መጨረሻው አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ነው። «እኔ እኮ ፎቶ ላይ አላምርም።» ሴቱም ይለዋል፣ ወንዱም ይለዋል፣ ሠርጉ ላይ አገር ያየው ሙሽራ ሳይቀር ይለዋል።

የእኔ እሮሮ እዚህ ላይ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆነብን ነገሩ። ጥፋቱን የሠራው መብራቱ፣ ሌንሱና የክንዳችን ማጠር ሆኖ ሳለ፣ ዱላው የሚያርፈው እግዜር በሰጠን ፊት ላይ ነው።

እስቲ ከቤታችን እንጀምር። ወረታ ያለችበት የፎገራ ሜዳ ሞቃት ነው። ከጣና ዳር ተነጥፎ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የተኛ አገር ነውና በበጋ ቀን ወረታ መንገድ ላይ የቆመ ሰው ጥላ ይፈልጋል። ቤታችንም የተሠራው ለጥላ ነው። የጭቃ ግድግዳ፣ አንዲት ትንሽ መስኮት፣ የእንጨት መዝጊያ፣ ከላይ ኮርኒስ። ከውጭ ገብቶ የተቀመጠ እንግዳ ዓይኑ እስኪለምድ ድረስ ማን የት እንደተቀመጠ አይለይም። ይህ ለእንግዳው በረከት ነው፤ ያርፋል። ለስልኩ ግን መከራ ነው። የስልክ ካሜራ ብርሃን የሚቀበልባት ነገር ከጥፍር ታንሳለች። ጨለማ ቤት ውስጥ ያቺ ሚጢጢ ዓይን የሌለውን ብርሃን ለመሰብሰብ ረጅም ጊዜ ተከፍታ ትቆያለች፤ ያን ጊዜ እጅ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ ፊት ይደበዝዛል። ከዚያ የጎደለውን በግምት ትሞላለች፤ ግምቷ ደግሞ አሸዋ የተነሰነሰበት ፊት ይሆናል። ልጄ «ፊቴ ላይ ምን ወጣብኝ?» ስትል እውነቱን ልንገርሽ፣ ልጄ፦ ምንም አልወጣብሽም። ስልኩ እየተንጠራራ ነው።

መብራት እናብራ እንዳይባል፣ መብራት ሲኖር ነው የሚበራው። ሲኖርም አንዲት አምፖል ከጣሪያ መሃል ተንጠልጥላ ከአናት ላይ ታበራለች። ከአናት የሚመጣ ብርሃን ግንባርን ያበራና ዓይንን ጉድጓድ ውስጥ ይጥለዋል፤ የሃያ ዓመት ልጅ የሦስት ቀን ለቅሶ የተቀመጠች ትመስላለች። ይህ አልበቃ ብሎ ግድግዳችን አረንጓዴ ነው። ቀለሙን ከገበያ ስንገዛ ደስ ብሎን ነበር። ግድግዳ ግን ዝም ብሎ አይቆምም፤ የነካውን ብርሃን የራሱን ቀለም ቀብቶ ይመልሰዋል። በዚህ ምክንያት በእኛ ቤት የተነሳ ሰው ሁሉ የሐሞት በሽተኛ ይመስላል። ሰማያዊ ቀለም የቀቡት ጎረቤቶቻችን ደግሞ ብርድ የመታቸው ይመስላሉ።

ከሁሉ የሚያናድደኝ የበሩ ነገር ነው። በቤታችን ያለው ትልቁ የብርሃን ምንጭ በሩ ነው። ታዲያ ሰዉ ምን ያደርጋል? መጋረጃው ያምራል ብሎ በሩን ከኋላው አድርጎ ይቆማል። ስልኩ የበሩን ብርሃን አይቶ «አሃ፣ እዚህስ ብርሃን ሞልቷል» ብሎ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ፊት ለፊት የቆመው ሰው ጥላ ብቻ ይሆናል። መጋረጃው ብቻ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ስንት የመጋረጃ ፎቶ አለን መሰላችሁ! መፍትሔው ዞር ማለት ብቻ ነው። ከደጃፉ ሁለት እርምጃ ገባ ብሎ፣ ፊትን ወደ ውጭ፣ ጀርባን ወደ ጨለማው። ፎቶ የሚያነሳው ሰው ውጭ በረንዳው ላይ ይቁም። ያን ጊዜ ብርሃኑ ፊት ላይ በእርጋታ ያርፋል፤ ከኋላ ያለው ጆንያ፣ የዓምናው ካላንደር፣ የተሰቀለው ካፖርት ሁሉ ጨለማው ውጦት ይጠፋል። አንድ ሳንቲም አያስወጣም። ይህን ሺህ ጊዜ ተናግሬአለሁ። «እሺ አባየ፣ ግን መጋረጃው...» ይሉኛል።

ብርሃን ፍለጋ ከቤት መውጣት አዲስ ነገርም አይደለም። በዓለም ላይ ከቆዩት የራስ ፎቶዎች ሁሉ ቀደምት ከሚባሉት አንዱን ያነሳው ሮበርት ኮርኔሊየስ የሚባል የፊላደልፊያ ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1839። ቤተሰቡ የመብራት ዕቃ የሚሠራና የሚሸጥ ነበር። መብራት ቸግሮት አያውቅም ማለት ነው። ፎቶውን የተነሳው ግን ካሜራውን ከሱቁ ጀርባ ውጭ አስቀምጦ፣ ሮጦ ፊቱ ቆሞ፣ ሳይነቃነቅ ጠብቆ ነው። የመብራት ነጋዴው እንኳ የፀሐይን ብርሃን መርጦ ከወጣ፣ እኛ በአንዲት አምፖል ሥር ምን እንሠራለን?

ውጭ ስትወጡ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የእኛ ሰው ፎቶ የሚያምረው ፀሐይ ሲበረታ ይመስለዋል። በስድስት ሰዓት ሰውን ግቢ መሃል ያቆሙታል። ወረታ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 12 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ፣ በቀጥታ አናታችን ላይ ትቆማለች። የነሐሴውን ደመና ይሸፍንልናል፤ የሚያዝያው ግን አይጣል ነው። ጥላህ ከእግርህ ሥር ገብቶ ይደበቃል፤ የቀረው ጥላ በሙሉ ዓይንህ ጉድጓድ ውስጥና አፍንጫህ ሥር ይሰፍራል። በዚያ ላይ የቆመውን «አትጨፍን!» ብለው ይቆጡታል። ፀሐይዋን ለምን አትቆጧትም? ጠዋት እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ማታ ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ያለው ብርሃን ከጎን ስለሚመጣ ገር ነው። ቀን ከሆነ ደግሞ የዋርካም ሆነ የቤት ጥላ ሥር መቆም ነው። ይህም ምስጢር አይደለም። በሬውን የሚያሳርፍበትን ሰዓት የሚያውቅ የፎገራ ሕዝብ፣ ፊቱን የሚያሳርፍበትን ሰዓት እንዴት ያጣዋል?

አሁን ወደ አፍንጫው ልመለስ፤ ቤቴን ያመሰው እሱ ነውና። ልጄ ክንዷን ዘርግታ ሰልፊ ትነሳለች፤ አፍንጫዬ ተለቀ ብላ ታለቅሳለች። አፍንጫው የእኔ ነው፣ ከእኔም የአባቴ ነው፤ በትልቅነቱ የታማ የለም። ነገሩ የርቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ የፊት ቀዶ ሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ሒሳቡን ሠርቶታል። ካሜራው ከፊት 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲርቅ፣ አንድ ሜትር ተኩል ላይ ከተነሳው ጋር ሲነጻጸር አፍንጫ ከፊት ስፋት አንጻር በ30 በመቶ ገደማ ሰፍቶ ይታያል። ለካሜራው የቀረበ ነገር ይተልቃል፤ አፍንጫ ደግሞ ከፊት ሁሉ ቀድሞ የሚደርስ ነው። ጥናቱን የሠሩት ሐኪሞች የተነሱበት ምክንያት ሰዎች የሰልፊ ፎቶአቸውን ይዘው «አፍንጫዬን አሳንሱልኝ» እያሉ ስለመጡባቸው ነው። እዚያ ቢላዋ ድረስ ሄደዋል ማለት ነው። እኛ እስካሁን ለቅሶ ላይ ነን፤ ተመስገን።

መድኃኒቱ ስልኩን ማራቅ ነው። የኋላው ካሜራ ከፊቱ የተሻለ ስለሆነ እሱን አዙሮ፣ የቁም ሳጥን ወይም የተደራረበ የሩዝ ጆንያ ላይ በዓይን ትክክል አስደግፎ፣ ታይመሩን አሥር ሰከንድ ሞልቶ፣ ሁለት ሜትር ያህል ሄዶ መቆም። ሲነሳ ፎቶው ራቅ ያለ ይመስላል፤ ኋላ ዙሪያውን መቁረጥ ይቻላል። ይህን ለልጆቼ ባስተማርሁ ማግስት ስልኩን በስኳር ቆርቆሮ አስደግፈው፣ ቆርቆሮው ተንሸራቶ፣ ስልኩ በግንባሩ ተደፋ። መስታወቱ ተሰነጠቀ። ጥፋተኛው ማን ሆነ? አሥር ሰከንድን ያስተማረው መምህር።

የመስታወቱም ጉዳይ አለ። «መስታወት ላይ ደህና ነበርሁ፤ ፎቶው ላይ ምን ነካኝ?» የሚል ጥያቄ በየቀኑ ይቀርብልኛል። መስታወት ግራን ቀኝ፣ ቀኝን ግራ አድርጎ ያሳያል። ሰው ዕድሜ ልኩን ራሱን የሚያውቀው በተገለበጠው መልኩ ነው። የፊተኛው ካሜራም በምታይበት ጊዜ እንደ መስታወት ይገለብጥና፣ ካነሳህ በኋላ በብዙ ስልክ ላይ ወደ ትክክሉ ይመልሰዋል። ያን ጊዜ ባለቤቱ ይደነግጣል። እ.ኤ.አ. በ1977 አሜሪካ ውስጥ የተሠራ አንድ የሥነ ልቦና ጥናት ሴቶችን ሁለት ፎቶ አሳይቶ ነበር፤ አንዱ ሰው እንደሚያያቸው፣ አንዱ የተገለበጠ። ባለፎቶዎቹ የሚበዙት የተገለበጠውን መረጡ፤ ወዳጆቻቸው ደግሞ ትክክለኛውን። ሁሉም የመረጠው የለመደውን ነው። ስለዚህ ልጄ «አስጠላሁ» ብላ የምታጠፋት ፎቶ እኛ ሁልጊዜ የምናያትና የምንወዳት እሷ ነች። ይህን ነግሬአት «አንተ ደግሞ አባቴ ስለሆንህ ነው» አለችኝ። ጥናት ያላሸነፈውን እኔ ላሸንፍ?

ሲብስባቸው ወደ ፊልተር ይሄዳሉ። እዚህ ላይ ነው ትዕግሥቴ የሚያልቀው። ወረታ የሩዝ ከተማ ነች። በደርግ ዘመን ከሰሜን ኮሪያ የመጡ ባለሙያዎች ያስለመዱት ሩዝ ዛሬ ሜዳውን ሞልቶታል፤ የከተማው መፈልፈያ ወፍጮ ሲያጓራ ይውላል። ሩዙ ሲገባ ቡናማ ነው፤ ገለባው ተገፎ፣ ቆዳው ታሽቶ ሲወጣ ነጭ፣ ለስላሳና አንድ ዓይነት ነው። ፊልተሩ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ልጄ ከነጠይምነቷ፣ ማርያም ከሳመቻት ምልክት ጋር ትገባለች፤ ተፈልፍላ ትወጣለች። ጓደኛዋም፣ የጓደኛዋ እህትም እዚያው ወፍጮ ገብተው ስለሚወጡ ሦስቱን መለየት አቅቶኝ ያውቃል። ለሩዝ ጥሩ ነው፤ ገበያ አለው። ለፊት ግን ገለባው ራሱ ነበር መልኩ።

ጠይም ፊት ፎቶ ላይ መቸገሩ የዛሬ ብቻ አይደለም፤ ይህም በእኛ ጥፋት አልመጣም። በፊልም ዘመን ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ቀለም ማስተካከያ እንዲሆን የሚልከው የናሙና ፎቶ የአንዲት ነጭ ሴት ነበር፤ ካርዱን «ሸርሊ» ይሉታል። ሸርሊ ካማረባት ፎቶው ትክክል ነው ማለት ነበር። ጠቆር ያለ ፊት ሸርሊ አጠገብ ከተነሳ ጥርስና ዓይን ብቻ ይቀር ነበር። ፊልሙ ቡናማን በቅጡ እንዲያሳይ ግፊት ካደረጉት መካከል ቸኮላታችን አልታይ አለ፣ የእንጨት ዕቃችን አልለይ አለ ያሉ ነጋዴዎች ይገኙበታል። ቸኮላቱ ጠበቃ አገኘ፤ እኛ ዝም አልን። በስልክ ዘመን ነገሩን በሰፊው የያዘው ቴክኖን፣ አይቴልንና ኢንፊኒክስን የሚያመርተው የቻይናው ትራንሽን ነው፤ የአፍሪካን ገበያ ሲፈልግ ካሜራውን ለጠቆረ ቆዳ አስተካከለው። ቴክኖ አገራችን ውስጥም እየተገጣጠመ፣ አማርኛ ይዞ ነው የመጣው። ጉግልም እ.ኤ.አ. በ2021 ፒክስል 6 የሚለውን ስልክ ሲያወጣ ይህንኑ አስቦበት ነበር። እንግዲህ ስልኩ ጠይምነታችንን እንዲያውቅ መሐንዲስ ስንት ዓመት ከለፋ በኋላ፣ እኛ ቁልፍ ተጭነን ነጭ እንሆናለን። ስልኩም ሳይታዘበን አይቀርም።

በነገራችን ላይ ጠቆር ሲልባችሁ ፊልተር አያስፈልግም። ስልኩ ስክሪን ላይ ፊታችሁን በጣት መንካት ነው፤ ትንሽ የፀሐይ ምልክት ትመጣለች፤ ወደ ላይ ሳብ ስታደርጓት ፊት ይበራል። ስልኩ ከዚያ በፊት መጋረጃውን ይሁን ፊታችሁን ማየት እንዳለበት የነገረው ሰው አልነበረም።

ሌንሱንስ? እህህ! ስልካችን ሲዘዋወር የሚውለው ቂጣ በጋገረ እጅ፣ ቅቤ በቀባ እጅ፣ ሽንኩርት በከተፈ እጅ ነው። ከወፍጮው የሚነሳው የሩዝ ገለባ ብናኝ በበጋ ከተማውን ያለብሰዋል፤ ባጃጁ የሚያነሳውን አቧራ ጨምሩበት። በዚህ ሁሉ ላይ ጣት አርፎበት ያቺ ምስር የምታህል መስታወት እንዴት ታይ? ፎቶው ጉም ለብሶ ይወጣል። «ስልኩ አርጅቷል፣ አዲስ ይገዛ» ይባላል። አንድ ቀን አዲስ ስልክ ሊያስገዙኝ ሲዶልቱ፣ የመነጽር ጨርቄን አውጥቼ ጠረግሁት። ስልኩ ወጣት ሆነ። ማንም አላመሰገነኝም፤ አዲስ ስልክ የቀረበት ቤት አያመሰግንም።

ከቤት ፎቶ ሁሉ የከፋው ለአሜሪካው የዲቪ ዕጣ የሚነሱት ነው። አብዛኛውን ጊዜ መስከረም ወደ ማለቂያው ሲደርስ ሰፈሩ ይታመሳል። ፎቶ ቤት ሄዶ ከመክፈል ቤት ማንሳት ይሻላል ተብሎ የእናት ነጠላ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ሕጉ ጥብቅ ነው፤ ጀርባው ነጭ ወይም ወደ ነጭ የቀረበ፣ ፎቶው ከስድስት ወር ያልቆየ፣ መጠኑ ከ600 በ600 እስከ 1200 በ1200 ፒክስል፣ ክብደቱ ከ240 ኪሎ ባይት ያልበለጠ። መነጽርም እ.ኤ.አ. ከ2016 መጨረሻ ወዲህ አይፈቀድም። የእኛ ነጠላ ግን ጥለት አለው። የጎረቤቴ ልጅ ግራና ቀኝ ትከሻው ላይ የጎንደር ጥለት ወርዶለት፣ መልአክ መስሎ ተነሳ። «ጋሼ፣ ይሆናል?» አለኝ። ጥለቱን ወደ ታች አውርደን ደግመን አነሳነው፤ አሁን ደግሞ ነጠላው ላይ የጭንቅላቱ ጥላ ወደቀ። ከግድግዳው አንድ ሜትር ያህል ራቅ በል አልሁት፤ ጥላው ጠፋ። ከዚያ «ሳቅ በል» ያሉት መጡ፤ «አይሳቅም» ያሉት መጡ፤ ሙሉ ሰፈር አሜሪካን የሚያውቅ ሆነ። አሥራ አራት ጊዜ ተነሳ። ለመላክ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ላኩት፤ ቴሌግራም ደግሞ ለፍጥነት ብሎ ጨምቆ ያሳንሰዋል። እንደ ፋይል ላኩት ብዬ ጮህሁ። ልጁ ዕጣው አልወጣለትም፤ እናቱ ግን እስከ ዛሬ ጥለቱ ነው ያስቀረው ትላለች።

ሜዳው ላይ ደግሞ ሌላ እሮሮ አለ፤ የገበሬው። መስከረምና ጥቅምት ሩዙ አረንጓዴ ሆኖ እስከ ጣና ሲዘረጋ፣ የከተማ ወጣት ነጭ ልብሱን ለብሶ ይወርዳል። ቦታ መምረጡንስ አውቆበታል፤ በሩዙ ግርጌ የቆመው ውሃ የሰማዩን ብርሃን ከታች ወደ ፊት ይመልሳል፤ አገጭ ሥር ጥላ አይቀርም። ግን ፎቶው የሚያምረው መሃል ገብተው ሲቆሙ ነውና ገበሬው ያቆመውን የውሃ መከተሪያ ድንበር ይረግጡታል። ውሃው ይወርዳል። ገበሬው ይጮሃል። ወጣቱ «አባባ፣ አንዴ ብቻ!» ይላል። ይኸው፣ «አንዴ ብቻ» ሜዳውንም ያዘው። ደግሞ ዋልካ ጭቃ ነው፤ እግር ይዞ አይለቅም። ስልኩ ውሃ ውስጥ ገብቶ የወጣ አንድ ዘመዳችን ሩዝ ውስጥ ቅበረው ተብሎ፣ ሩዝ እንደሆነ የሞላ ነውና፣ ጆንያ ሙሉ ውስጥ ቀበረው። ሁለት ቀን ስልኩን ሲፈልግ ዋለ። አፕል እንኳ እ.ኤ.አ. በ2024 ስልካችሁን ሩዝ ውስጥ አትክተቱ፣ ብናኙ ይጎዳዋል ብሏል። ለፎገራ ሰው የሩዝን ብናኝ የሚነግረው አፕል መሆኑ ግን ይገርማል።

ይህን ሁሉ የማጉረመርመው ፎቶ ጠልቼ አይደለም። የእኛ ቤት ፎቶ ስንት እንደሆነ ያወቅሁት አባቴ ያረፉ ቀን ነው። ለለቅሶው የሚያዝ ፎቶ ተፈለገ። ሦስት ስልክ አለ፤ በሦስቱ ውስጥ ከሺህ የሚበልጥ ፎቶ አለ፤ መጋረጃ አለ፣ ዶሮ አለ፣ የተፈለፈለ ፊት አለ። አባቴ የሉም። አንዴ በስተጀርባ ጋቢአቸው ይታያል፤ አንዴ ደግሞ እጃቸው ከነስኒው። «ምን ያደርጋል የእኔ ፎቶ፣ ልጆቹን አንሷቸው» እያሉ ሁልጊዜ ይሸሹ ነበር፤ እኛም እሺ ብለናቸዋል። መጨረሻ ላይ የተገኘችው ለመታወቂያ የተነሷት ጉርድ ፎቶ ነች፤ እሷን አስጎልተን አስወጣን። ግንባራቸው ተቋጥሯል፤ ዓይናቸው ፈርቷል። ለቀስተኛው ያንን ፊት አይቶ አለቀሰ። እኔ ደግሞ አባቴ እንዲህ አልነበሩም ብዬ አለቀስሁ።

የቤታችን ብቸኛዋ ጥሩ ፎቶ የመጣችው ማንም ሳያስብባት ነው። አማቴ ደጃፉ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ሰፌድ ሙሉ ሩዝ ጭናቸው ላይ አድርገው ጠጠር ይለቅማሉ። ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ትልቋ ልጄ ቀረብ ብላ እንዳታነሳቸው ትፈራቸዋለች፤ ፎቶ አይወዱም። ስለዚህ ግቢው ጫፍ ላይ ሆና፣ በኋላው ካሜራ፣ አንዴ ብቻ ነካ አደረገችው። እውነትም አንዴ ብቻ። አየሁት። ብርሃኑ ከውጭ ፊታቸው ላይ አርፏል፤ ከኋላቸው ቤቱ ጨልሞ ጆንያውንም ካላንደሩንም ውጧል፤ ሰፌዱ ላይ ያለው ነጭ ሩዝ የማታዋን ብርሃን ወደ ላይ መልሶ ከዓይናቸው ሥር ያለውን ጥላ አንስቶላቸዋል። አፍንጫው በቦታው ነው። ግንባራቸው ላይ ያለው መስመር ሁሉ አለ፤ አንዱም አልተፈለፈለም። ልጄ ሳትዘጋጅ፣ የነገርኋትን ሁሉ ሳትሰማ፣ ሁሉንም አድርጋዋለች። አማቴ አዩትና «ይች እኔ ነኝ?» አሉ። ጥቂት ዝም ብለው «ለካ ሽማግሌም ያምራል» ብለው ሰፌዱን አናወጡ።

ከዚያ ወዲህ መሻሻል አለ እንዳትሉኝ። በነጋታው መጋረጃው ፊት ተሰልፈው አገኘኋቸው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ አንተም ቤት ይህ ሁሉ እንዳለ አውቃለሁ። ሌንሱን በነጠላህ ጫፍ ጥረገው። መጋረጃውን ተወውና ወደ በሩ ዙር። ስልኩን አርቀህ አስቀምጠው። ጭንህ ላይ ነጭ ነገር ጣል አድርግ፤ ሩዝ ከጠፋ ነጭ ማዳበሪያም ይሆናል። ፊትህን አትውቀሰው፤ እሱ አደራውን ተወጥቷል። ሰዎቹ ሲሸሹም እሺ አትበል፤ አስቀምጠህ አንሳቸው፤ ያነሳኸውን ከስልኩ አውጥተህ አሳጥብ፤ ስልክ ይሰበራል፣ ይሞላል፣ ይጠፋል።

ልጆቼንም አንድ ነገር ልጠይቅ። በቤታችን ፎቶ ሁሉ ውስጥ እኔ ያለሁት መሬት ላይ በወደቀው ጥላዬ ነው፤ የማነሳው እኔ ነኝና። አንድ እሁድ ስልኩን ተቀበሉኝና በሩ ላይ አስቀምጡኝ። አንዴ ብቻ። ከዚያ በኋላ ግን ቡናዬን፣ እባካችሁ፣ በሙቁ።